አየር ይምታው ያልኩት ቁስል

ባሌ አለመገረዙን የነገረኝ ልንጋባ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ነው። ታላቅ ወንድሙ በተገረዘ ማግስት ደም አልቆም ብሎት ሞተ፤ እናቱም «በዚህኛው ልጄ ላይ ምላጭ አያርፍም» ብለው ማሉ። ቢታ ገነት በሚባል ገጠር ሲያድግ ከእኩዮቹ ጋር አንድም ቀን ወንዝ ወርዶ አልታጠበም። ይህን ሲነግረኝ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። «ይሄ ነው እንዴ ጉዱ? እኔ ደግሞ ሌላ ሚስት አለችኝ ልትለኝ መስሎኝ!» አልኩት። እሱም ሳቀ፤ ግን «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ቦንጋ ውስጥ አስተማሪ ነው። አንድ ተማሪ «ወሸላ» ብሎ ቢሰድበው አገሩን ጥሎ የሚጠፋ ሰው ነው።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ያሳክከው ጀመር። ሸለፈቱ ጠብቦ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከሥሩ ነጭ ነገር ያዣል፤ ይሸታል። ሲሸና ግድግዳውን በቡጢ ይመታል። ሆስፒታል እንሂድ ስለው «ነርሶቹ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው» ይለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት ሴት፣ አብሬው ደበቅሁ። ለብ ባለ ውኃ ጨው በጥብጬ ጠዋት ጠዋት አጥበዋለሁ። ፋርማሲ ሄጄ ለሕፃን ልጄ ነው ብዬ ቅባት ገዛሁ፤ ልጅ ግን የለንም። አልጸየፍም ነበር። ከተጸየፍኩም አላሳየሁትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀስ እያልኩ ስስበው ቆዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተመለሰልኝ። እሱ ጥርሱን ነክሷል፤ እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የስንት ዘመን ቆሻሻ ጠረግኩለት። «አሁን ወደ ቦታው ልመልሰው?» አለኝ። «ተው፣ አየር ይምታው፤ ቁስል አየር ይፈልጋል» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

ቀኑን ሽርጥ አገልድሞ ዋለ። እሑድ ጠዋት ጫፉ አብጦ፣ ቆዳው ከሥሩ እንደ ጠበበ ቀለበት አንቆት አገኘሁት። ልመልሰው ብል ንቅንቅ አልል አለ። እሱ ጮኸ፣ እኔ አለቀስኩ። «ውኃ ቋጥሮ ነው፣ ይጎድላል» አለ። ሰኞ ጠቆረ።

ሆስፒታሉ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እሱ ግን «ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ዋጫ ውሰጂኝ፤ አለዚያ እዚሁ ልሙት» ብሎ ድርቅ አለ። ኧረ በፈጣሪ ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ ሲል እሺ አልኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። መንገድ ላይ ሺሺንዳ ስንደርስ ደግሞ የገበያተኛ ጭነት ሊጭን ቆመ። ባሌ ቦርሳዬን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል።

ዋጫ ጤና ጣቢያ ስንገባ ተረኛው ነርስ ብድግ አለ። «ቲቸር! እርስዎ ነዎት?» ቦንጋ ያስተማረው ልጅ ነበር። ባሌ ግድግዳውን ተደገፈ። ልጁ ግን አልሳቀም። መጋረጃውን ጋርዶ አየውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ሪፈር ልጻፍልዎት፤ አሁኑኑ ቦንጋ ሆስፒታል ይሂዱ» አለው። በመጣንበት መንገድ በአምቡላንስ ተመለስን።

«ይሄን ቆዳ ስቦ ሳይመልስ የተወው ማነው?» አለ የሆስፒታሉ ሐኪም በቁጣ። ነርሶቹ ቆመው ይሰማሉ። አፌን ስከፍት ባሌ ቀደመኝና «እኔ ነኝ» አለ።

«የተማሩ ሰው አይደሉም እንዴ? እንዴት ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ይላሉ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

እኔ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ጫፉ ሞቷል ተባለ፤ ተቆረጠ።

ቁስሉ ድኗል። ማስተማሩንም ቀጥሏል። ያ ነርስም ሆነ ሌላ ሰው ትንፍሽ አላለም፤ የፈራው ስድብ ከየትም አልመጣም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ባልና ሚስት አልተኛንም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን አልቻልኩም። «ልመልሰው ስትለኝ ተው ያልኩህ እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

እጁን ከገበታው ሳያነሳ «አላስታውስም» አለኝ።

ያስታውሳል። ምነው በሰደበኝ።