የሐሙስ ጾም

በተሰደድኩበት ከተማ፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ሻይ የምትሸጠው ሴት የዱቄት ወተቷን ቆርቆሮ ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። «በወተት ይሁን?» አለችኝ በዐረብኛ። «አይዋ» አልኳት፤ አዎ ማለቴ ነው።

የልጅነት ትምህርት ቤቴ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ያስተማሩኝ ሲስተር አስካለ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአንዱ ገጠር ወደ ሌላው እየተዛወሩ ያስተማሩ የካቶሊክ መነኩሲት። እናቴ ወደሳቸው የላከችኝ እየፈራች ነው። «በጾም ቀን የሚያስገድፍ ነገር ከቀመስሽ ትምህርቱን እርሺው» ብላኛለች።

አንድ ረቡዕ ግን በጣም ራበኝና ለሕፃናቱ ከተበጠበጠው ወተት አንድ ኩባያ ጨለጥኩ። ቀኑ ትዝ ያለኝ ኩባያው ባዶ ሲሆን ነው። ከክፍሉ ጀርባ ቆሜ ሳለቅስ ሲስተር አገኙኝ። ላይኛው ከንፈሬ ላይ የደረቀውን ወተት በመሐረባቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«ወተቱን እዚያ የተውኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያንቺን ጾም ነገ እኔ እጾምልሻለሁ። በይ አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

እናቴ አላወቀችም። ሐሙስ መምህራኑ ምሳ ሲበሉ ሲስተር ብቻቸውን ደብተር ሲያርሙ በመስኮት አየኋቸው። እፎይ ብዬ ወደ ጨዋታዬ ሮጥኩ። እሳቸውም እንደሚርባቸው ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ብርጭቆውን ስትሰጠኝ ቀኑን አሰብኩት፤ ረቡዕ ነው። ቀስ ብዬ፣ ደስ እያለኝ ጠጣሁት። ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሶባ የሚሄደው አውቶቡስ ረዳት «ሶባ፣ ያላ» እያለ ተሳፋሪ ሲያጣድፍ ግን ከመሳፈሬ በፊት ከንፈሬን አጥብቄ ጠረግኩ፤ ሶባ ላይ እናቴ ቆማ የምትጠብቀኝ ይመስል።