ሱፍ ውሃ አይነካውም

ፈሪዳ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ከሞባይል ሱቄ ጎን ልብስ ትሰፋለች። ጅማ ሳለች ከአባቷ የተማረችው ሙሉ ሱፍ መስፋት ነው፤ እዚህ ግን ማን ሱፍ ይለብሳል? በዚህ ሙቀት ሙሽራ እንኳ የኪራይ ኮቱን ለፎቶ አጥልቆ ወዲያው ያወልቃል። እሷም ዩኒፎርምና መጋረጃ ስትሰፋ ኖረች። «ወርቅነሽ፣ ከመሞቴ በፊት አንድ ሱፍ! ሰው የሚያየው!» እያለች ታደርቀኝ ነበር።

አንድ ቀን ኦሞድ መጣ። ኦሞድ የሮክ ጊታሪስት ነው፤ እኔ ጩኸቱን ስሰማ ጥርሴን ያመኛል፣ ወጣቱ ግን ያብድለታል። ጓደኛው ሩፋኤል ፊልም ሲሠራ ሐሳቡን የሚያመጣለት እሱ ነበር፤ ሐሳቡም ሁሉ ቅዠት ነው። ላም ጣሪያ ላይ ትተኛለች፣ ዓሣ ስልክ ይደውላል።

«ፈሪዳ፣ ሰውዬ ከባሮ ይወጣል፤ ሙሉ ሱፍ ነው። ቢጫ!» አላት።

አላስጨረሰችውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? ጨርቁን ከጅማ አስመጥታ ከነሰደርያው ከነገበሩ ሰፋችው። ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ።

በቀረጻው ዕለት ባሮ ዳር ከፌስታል ስታወጣው ሩፋኤል ክው አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? የሱፍ አበባ እኮ ነው ያልነው! ሰውየው አበባ ሆኖ ነው የሚወጣው!»

ፈሪዳ ሱፉን ወደ ፌስታሉ መመለስ ጀመረች። አንጀቴን በላችው። ሰውየውን ሆኖ የሚተውነው ኦሞድ ግን ኮቱን አጥልቆ ራሱን ቁልቁል አየና ሳቀ።

«አበባ ይቅር። ይሄ ይሻላል» ብሎ በቀጥታ ወደ ውሃው አመራ።

«ቁም!» ብላ ጮኸች። «ሱፍ ውሃ አይነካውም!»

«እሺ፣ በታንኳ እሄዳለሁ።»

«ቢጨማደድስ? እኔም እገባለሁ!»

ለመተኮሻ ያመጣችውን የከሰል ካውያ ይዛ ገባች። ኦሞድ ታንኳው ላይ ጊታሩን ያስጮኻል፣ እሷ የኮቱን ጫፍ ጣውላ ላይ ዘርግታ ትተኩሳለች። ሩፋኤል ተስፋ ቆርጦ ቀረጸው።

ፊልሙ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ፈሪዳ አጠገቤ ተቀምጣ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ። ቢጫው ሱፍ ስክሪኑን ሲሞላው ፉጨቱና እልልታው ቀለጠ። ከፊት የተቀመጡት መምህር ወንዳፍራሽ ተነሥተው «ግን ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሩፋኤል ጉሮሮውን ሲጠርግ ፈሪዳ ቀድማው ተነሣች።

«ትርጉሙን አላህ ያውቃል!» አለች፣ ድምፅዋ ከጊታሩ በልጦ። «ሱፉን የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ!»