የማዳም ዋይፋይ

ዓረብ አገር፣ ቁርጡባ በሚባል ሰፈር የምሠራበት ቤት ዋይፋዩ የሚታዘዘው ከማዳም ስልክ ብቻ ነበር። ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ወጥ ቤቱን ቃኝታ ዋይፋዩን ለስልኬ ትከፍትልኝ ነበር፤ አንድ ሳህን ከቀረ ግን እናቴን ማግኘት የለም!

ማዳም ስትሞት ማን ይከፍትልኛል ብዬ ነበር። ጉድ እኮ ነው፤ ቶሎ ብጨርስም ብዘገይም፣ ልክ ስጨርስ ይከፈታል።

ኔትወርኩን የዘረጋውን ልጇን፣ "አንተ ነህ እንዴ የምትከፍትልኝ?" አልኩት።

"እኔ? ከእናቴ ስልክ በቀር የሚያዘው የለም።" መሳቢያውን ስቦ አሳየኝ። ስልኩ ባትሪው አልቆ ጠፍቷል።

ወላሂ አላመንኩትም። ትናንት አውቄ አንዲት ብርጭቆ ሳላጥብ ቁጭ አልኩ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልተከፈተም። ልነሳ ስል ዋይፋዩ ብልጭ አለና ከማዳም ስልክ አንድ መልእክት አስገብቶ መልሶ ተዘጋ።

"ብርጭቆዋስ?"