ሁለት ጋዜጣ፣ አንድ ዘጋቢ

ጣውንቴ ነበር የምለው። በስሙ የሚጠሩት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው፤ ስታዲየም የሚውለው ሰው ሁሉ እሱን የኔ ጣውንት፣ እኔን የሱ ጣውንት ብሎ ለምዶናል። ከተማችን ሁለት ጋዜጣ ነበራት። እሱ ለአንዱ የስፖርት ዘጋቢ ነው፣ እኔ ለሌላው። ባላችን ኳሱ ነበር ማለት ነው፣ እሱም ለሁለታችንም አልሆነም።

የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። ስታዲየም በነፃ ለመግባት ሲል በልጅነቱ የጎል ሰሌዳ ላይ ቁጥር ይሰቅል ነበር። አንድ ቀን የእንግዳውን ቡድን ጎል ለባለሜዳው ሰቅሎ ደጋፊ ሊቀጠቅጠው ሲል አንድ ሽማግሌ ጋዜጠኛ አስጥሎት፣ «እንዲህ ከሆንክስ ና ጻፍ፣ እዚያ ሲሳሳቱ አይደበድቡም» ብሎ ወደ ዝግጅት ክፍል ወሰደው ይላል። ታሪኩን በየዓመቱ ሲያሳምረው ስለሰማሁ እኔ የማምነው ግማሹን ነው። እርሳስ ማኘኩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። የጃኬቱ ኪስ ጫፉ በተበላ እርሳስ የተሞላ ነው።

የጋዜጠኞች ወንበር ላይ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው፣ ሰላምታችንም ስድብ ነበር። እኔ ጎሉ በግንባር ገባ ብዬ ከጻፍኩ እሱ በትከሻ ነው ይላል። እኔ ዳኛው ልክ ነው ካልኩ እሱ ዳኛውን ዓይነ ስውር ያደርገዋል። ጠዋት ከቁርስ በፊት የማነበው የሱን ጽሑፍ ነበር፣ ስህተት ካገኘሁበት ቀኔ ያምራል። እሱም እንደዚያው። አንባቢው ሁለቱንም ገዝቶ ሻይ ቤት ተቀምጦ በእኛ ይጨቃጨቃል።

አንድ ያልተነጋገርንበት ሕግ ነበረን። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሳይነፋ አንዳችንም ቀድመን አንነሳም። ከሥራ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ቀድሞ የወጣ ሰው የመጨረሻው ደቂቃ ጎል ያመልጠዋል፣ በማግስቱም አለቃው የተቀናቃኙን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ይወረውርለታል። ዝናብ ወርዶ ደጋፊው ሁሉ ሲበተን ሁለታችን ብቻ እንደ ተረሳ ዕቃ እዚያ ቀርተን እናውቃለን። ሽንቴ ወጥሮኝ እንኳ እሱ ካልተነሳ አልነሳም።

ከዚያ ወረቀት ተወደደ፣ ማስታወቂያ ጠፋ። ለዓመታት ሆድና ጀርባ ሆነው የኖሩት ሁለቱ ባለቤቶች ምሳ ተገባብዘው የስፖርት ክፍሎቻቸውን ቀላቀሉ። አንዱን ጨዋታ ሁለት ሰው ማየቱ ምን ይረባል አሉ። አንድ ሰው ያያል፣ ዘገባው በሁለቱም ይወጣል፣ ርዕሱ ብቻ ይቀየራል። የሱ ደመወዝ ከኔ ያንስ ስለነበር እሱ ቀረ፣ እኔ ወጣሁ። በሩ ላይ ጠብቆኝ እርሳሱን እያገላበጠ፣ «እኔ አልጠየቅኳቸውም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ማወቄ ንዴቴን አላበረደልኝም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር።

ተረፈ ያልነው ሰው ለካ ጉዱ ገና ነበር። የአራት ሰው ሥራ ጫኑበት። ቅዳሜ ሦስት ሜዳ ይደርሳል፤ የመጀመሪያውን አጋማሽ እዚህ፣ ሁለተኛውን እዚያ፣ የቀረውን ለበር ጠባቂ እየደወለ ይጠይቃል። ቦክሱም መረብ ኳሱም የሱ ነው። ሚስቱ ለሚስቴ «የልጆቹን ስም ያሳስታል፣ በተጫዋች ስም ነው የሚጠራቸው» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፣ ግን ብዙ አልሳቁም።

እኔ ደግሞ ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለኝ ትኬት እየገዛሁ ከማዶ፣ ርካሹ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ሚስቴ «ደመወዝ የሌለው ሥራ አገኘህ» ትለኛለች።

በዚያ ቅዳሜም እዚያው ነበርኩ። ባለሜዳው ቡድን በአንድ ጎል እየመራ ነበር። ግራ መስመር ላይ የሚሮጠውን ልጅ ደጋፊው ሳንባ ይለዋል፤ ደክሞት አይቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጣውንቴ ሰዓቱን አየ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ ደረጃውን ወረደ። ሌላ ሜዳ እየጠበቀው ነው። ከፊሽካ በፊት እንደሚወጣ ብሰማም በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበርና ብሽቅ አልኩ።

እሱ ከወጣ በኋላ ሳንባ ወደቀ። ማንም አልነካውም፣ ኳሱም በዚያኛው በኩል ነበር። ቡድኑ እየመራ ስለሆነ ሰዓት የሚገድል መስሎት ሰው ሳቀ፣ አፏጨ። ዳኛው መጥቶ በእጁ ተነስ ተነስ አለው። ጥሎት ሄደና ጨዋታው ቀጠለ። ኳሱ ወጥቶ አንድ ጓደኛው መጥቶ ሲገለብጠው ነው ሜዳው ጸጥ ያለው። ቃሬዛ ጠፋ። ከመስመሩ ዳር የቀለም ፋብሪካ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅለው በዚያ ተሸክመውት ወጡ፣ የደጋፊ ፒካፕ ላይ ጫኑት።

ለጣውንቴ ደወልኩ። ጠራ፣ አላነሳም። ደገምኩ። በኋላ እንደነገረኝ ስሜን አይቶ ሥራ ፈልግልኝ ሊለኝ ነው ብሎ አፍሮ ነው የተወው። ወደ ጋዜጣዬ ስደውል ስፖርት ክፍሉ ወደዚያኛው ሕንፃ ሄዷል አሉኝ፤ እዚያ ስደውል ደግሞ ዘጋቢያችን ልኮ ጨርሷል፣ ገጹም ማተሚያ ቤት ገብቷል አሉኝ።

በማግስቱ ሁለቱም ጋዜጣ ላይ፣ ቃል በቃል፣ እንዲህ ይላል፦ «ሳንባ እንደ ልማዱ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሳይደክም ሲሮጥ ውሏል።» ውጤቱን ከበር ጠባቂው ጠይቆ አግኝቷል፣ ልክም ነው። ስለ ልጁ ግን አልጠየቀም፤ ምንጊዜም እውነት የነበረውን አረፍተ ነገር እንደ ልማዱ ጻፈው። ጋዜጣው የገባው ለቅሶ ቤት ነበር።

ዋና አዘጋጁ እርማት አዘጋጀ፦ ተጫዋቹ «ከጨዋታው በኋላ ባደረበት ሕመም» ሞተ የሚል። ጣውንቴ «ከጨዋታው በኋላ አይደለም» ቢለው፣ «አንተ አልነበርክ፣ በምን አወቅህ?» አለው። ታተመም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የኛው ውሻ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የጮኸው።

ከቀናት በኋላ ጣውንቴ አንድ ሰው አስከትሎ ቤቴ መጣ። ሰውየው የጋራዥ በያጅ ነው፣ እጁ በእሳት ፍንጣሪ የተጠባበሰ። ሁለቱን ጋዜጣ በብብቱ ይዟል። የሳንባ አባት ነው። ሚስቴ ወንበር ሰጠችው፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ጋራዥ ነው የምውለው» አለኝ። «ልጄ ሲጫወት አንድም ቀን አላየሁትም። ሁለታችሁን እየገዛሁ ነበር የማነበው። ሁለት ባላ ትከል ይባል የለ? የተጣላችሁበትን እተወዋለሁ፣ የተስማማችሁበትን አምናለሁ። አሁን ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሮጠ አሉ። ጓደኞቹ ወደቀ ይሉኛል። አሰልጣኙ ወዲያው አነሳነው ይላል። ቢሮ ድረስ ሄጄ የጻፈውን ሰው አምጡልኝ ስላቸው እኚህ ተነሱና፣ አልነበርኩም፣ የነበረው ሰው ዘንድ ልውሰድዎት አሉኝ።»

ጣውንቴን አየሁት። ይህን የተናገረው ዋና አዘጋጁ ፊት ነበር፣ ምን እንደሚከተለውም ያውቃል። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ አልተቀመጠም።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለ አባትየው። «ሲወድቅ ቶሎ ደረሱለት?»

አዎ ልለው ነበር። አንዲት ቃል ናት፣ ማንንም አትጎዳም። ሰውየው ግን እንደ ልጅ አፍ አፌን ያያል፣ በዚህ ላይ ቤቱ ድረስ የተላከለት ውሸት ይበቃዋል።

«አልደረሱለትም» አልኩት። «ሰዓት የሚገድል መስሏቸው ነበር። ዳኛው ተነስ አለው። ሰው ሳቀ። ጓደኛው እስኪደርስ ብቻውን ነበር።»

አባትየው ጋዜጦቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እጁን ጫነባቸው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ጣውንቴን፣ «እሳቸው ያሉት ልክ ነው?» አለው።

ይህ ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩትን ሁሉ ሲያፈርስ የኖረ ነው። አሁንም እንዲያፈርስልኝ ተመኘሁ። ውሸታም ነው፣ ቶሎ ደርሰውለታል ቢለው እግሩ ላይ እወድቅለት ነበር።

«እኔ አላየሁም» አለ ጣውንቴ። «ወጥቼ ነበር።»

አባትየው ሌላ የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ለማየት ወደ ሚስቴ ዞረ፣ እሷም አቀረቀረች።