የጣና ትል፣ የአባይ ትል

ሞጣ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት፣ የኮሌጅ ጓደኛዬ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ላከችልኝ። ስለ ባሕር ትሎች ነበር። ዓሣ ውስጥ ተጠቅልለው ይቆያሉ፤ አድገው የሚባዙት ዓሣውን ዓሣ ነባሪ ወይም ሌላ የባሕር አጥቢ እንስሳ ሲበላው ብቻ ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ዘረመላቸው ሲታይ ግን የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ጽሑፉን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ነገር መጥቶ እስኪያወጣው ተጠቅልሎ የሚጠብቀው ትል እኔን መሰለኝ።

የእኛም ዓሦች የዚያ ትል ዘመድ አለባቸው፤ የሚያድገው ዓሣ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ጣና አያሳልፍም። ትሉስ? በወፍ ሆድ ተሳፍሮ ያመልጥ ይሆን? ካመለጠ የላይኛውና የታችኛው ትል ዘረመል ይቀራረባል፤ ካላመለጠ ይራራቃል። በዚህ ርዕስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሠራ ቆረጥኩ። ዩኒቨርሲቲው ተቀበለኝ፤ የቀረኝ የመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ብቻ ነበር።

የጣናውን ዓሣ ሞጣ ገዛሁ። የአባዩን ቢቸና፣ እናቴ ቤት ሆኜ፣ በረሃ ወርደው ከሚያጠምዱ ሰዎች አገኘሁ። ሆዱን ሰንጥቄ ትሉን በወረንጦ ስለቅም እናቴ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሥጋውን ይበላል፤ አንቺ ትሉን ትለቅሚያለሽ?»

«እንዳይበሰብሱብኝ ነው የምሰጋው።»

«ታዲያ ሁለቴ የወጣው ዳግም አረቄ አለልሽ አይደል? ድፊበት!»

ሳቅሁባት። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ፎርማሊን ይዤ መጥቼ ነበር። የተማርኩ ነኝ እኮ።

ከዚያ በኋላ ፈቃድ ጥየቃ ሆነ ሥራዬ። የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ ትሑት ሰው ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ይጨብጠኛል።

«መምህርት፣ ጉዳይሽ ፕሮሰስ ላይ ነው። ምትክ እንዳገኘን ትሄጃለሽ።»

ሌላ ከተማ ለቆ ወደ ሞጣ የሚመጣ የባዮሎጂ መምህር ግን አልተገኘም። ጨዋነቱ ይባስ ያናድደኛል፤ ቢሰድበኝ እንኳ መልሼ እሰድበው ነበር። ሁለት ጊዜ ምዝገባ አለፈኝ። ቤት ስገባ ብልቃጦቹን አነሳለሁ፤ አንዱ ላይ ጣና፣ ሌላው ላይ አባይ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ትሎቹ እንደተጠቀለሉ ናቸው። አንዳንዴ የክፍሉ አየር ያጥረኝና በር ከፍቼ እቆማለሁ።

በሦስተኛው ዓመት የፈቃዱ ደብዳቤ ወጣ። ብልቃጦቹን በነጠላ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ።

አማካሪዬ አንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። «በምንድን ነው ያስቀመጥሻቸው?»

«በፎርማሊን» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «ፎርማሊን መልኩን ይጠብቃል፤ ዘረመሉን ግን ይበጣጥሰዋል። ጥቂት ቀን ቢሆን እንሞክር ነበር። ሦስት ዓመት ግን... አልኮል ነበር የሚያስፈልገው። ጠንከር ያለ አረቄ እንኳ ይሻል ነበር።»

እንደገና ዓሣ ለመሰብሰብ ጊዜውም ገንዘቡም ስላልነበረ ሌላ ርዕስ ሰጡኝ፤ በእሱ ተመርቄ፣ ፈቃዱ ሲሰጠኝ በፈረምኩት ውል መሠረት ወደ ሞጣ ተመለስኩ። ትሉ ያምልጥ አያምልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ዕለት ግን ከአማካሪዬ ቢሮ እንደወጣሁ እናቴ ደወለች።

«ትሎችሽ ደኅና ገቡ? አልበሰበሱብሽም?»

«ምንም አልሆኑም እማዬ። እንደነበሩ ናቸው።»

«እሰይ!» አለች። «እኔ እኮ አረቄውን እንቢ ስላልሽ ሳስብ ነው የከረምኩት።»