የዘንጉ ጫፍ

ጸጉር አስተካካዩ አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ለመግዛት ሲነሳ ለሚስቱ የነገራት ምክንያት አንድ ነው፤ አሮጌው ከብዶታል። እውነትም ከባድ ነበር። ዘንጉ የአባቱ ነው፤ አባትየው ሰፊው ወንዝ ላይ ያጠምዱበት የነበረ፣ ረጅም። ልጁ ግን የሚያጠምደው ከከተማው ጀርባ በምትወርደው፣ ሰው ተንደርድሮ በሚዘላት ጠባብ ጅረት ነው። እዚያ ዘንጉን ባነሳ ቁጥር ጫፉ ከቅርንጫፍ ጋር ይጣላል። ከላባና ከክር የተሠራችው ሰው ሠራሽ ዝንብም ውኃው ላይ ማረፏን ትታ ቅጠል ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች።

ለሚስቱ ያልነገራት ሌላ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ምላጭ ሲይዝ አደብ ይገዛል፤ ዝም ብሎ ያሳረፈው እንደሆነ ግን አውራ ጣቱ የማይታይ ነገር እንደሚያሽ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። አባቱንም የጀመራቸው እንዲህ ነበር። እሳቸውም ጸጉር አስተካካይ ነበሩ፤ ወንበሩም መስተዋቱም የእሳቸው ነው። እጃቸውን በኪሳቸው፣ በሽርጣቸው ሥር ሲደብቁ ከርመው አንድ ቀን ጠዋት የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ ከጓዳ አልወጡም። ሁለት መዳፋቸውን ጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀምጠው፣ እንደተቀመጡ ሞቱ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ!

አሁን አሁን ከደንበኛ ራስ በላይ መስተዋቱን ቀና ብሎ ሲያይ አባቱ ያዩታል። ፊቱ የራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ዓይኑን ይጠቅሳል። ምላሱ ከምላጩ የሰላ ተረበኛ ስለሆነ፣ ደንበኞቹ የቀለደባቸው እየመሰላቸው ይስቃሉ።

ሰው ሲፈራ ሰበብ አይቸግረውም፤ እሱም ዘንጉን ወነጀለ። የዘንጉ የቡሽ እጀታ የአባቱ ጣቶች ያረፉበት ቦታ ጎድጉዷል፤ የእሱም ጣቶች ልክክ ብለው ይገቡበታል። ከባድ ዘንግ አንጓን ያደክማል፣ አንጓ ሲደክም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀላል ሲይዝ ይተወዋል ብሎ ራሱን አሳመነ። በሆዱ ደግሞ ሌላ ነገር ያስብ ነበር፤ በሽታው በዚያ እጀታ በኩል የመጣበት ይመስለው ነበር። አይፈረድበትም።

የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጠውን ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ፣ የሽማግሌው የገዛ ሚስት ጭምር፣ ጋሽ መንጠቆ ነው የሚለው። ድሮ በአባትየው፣ ዛሬ በልጁ እጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጺሙን ሳይላጭ ቀርቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ቀለል ያለ ዘንግ ፈልጌ ነው፤ ለትንሿ ጅረት።»

«ተመስገን! ያንን ምሰሶ ተሸክመህ ስታልፍ፣ ይሄ ሰው ዓሣ ሊያጠምድ ነው ወይስ መብራት ሊዘረጋ እያልኩ ነበር» አለና ከግድግዳው አጠር፣ ቀጠን ያለ ዘንግ አወረደለት። «ለጠባብ ቦታ አጭር ነው የሚያዋጣው። እጅህ ላይ መኖሩን ትረሳዋለህ። ጣት የምታክል ዓሣ ብትነካው ግን እስከ ክርንህ ይሰማሃል። በል ዘርጋውና ጫፉን ነጩ ግድግዳ ላይ እየው።»

ዘረጋው። ጫፉ ዓሣ የያዘ ይመስል ይርገበገባል።

«ይሄ ልል ነው ጋሼ። ጠንከር ያለ የለህም?»

ጠንከር ያለው መጣ። እሱም ተርገበገበ። «መገጣጠሚያው ላልቷል» አለ ጸጉር አስተካካዩ። ጋሽ መንጠቆ መገጣጠሚያውን በጣቱ ዳስሶ ሦስተኛውን አመጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ማራገቢያውን አጥፋው፤ ንፋሱ ነው።»

ማራገቢያው ጠፋ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጫፉ ይርገበገባል።

ጋሽ መንጠቆ ሳያስበው፣ በልማድ፣ የመጀመሪያውን ዘንግ አንስቶ ራሱ ዘረጋው። የሽማግሌ እጅ ነው፤ ጫፉ ግን ግድግዳው ላይ እንደተመታ ምስማር ቀጥ ብሎ ቆመ። ያደረገው ሲገባው ደንግጦ ቶሎ አወረደው፤ ግን ሁለቱም አይተዋል።

ጸጉር አስተካካዩ ፈራ። አባቱ ከጀርባው የቆሙ መሰለውና ዞሮ እንዳያይ አንገቱን አደነደነ።

«የመጀመሪያውን ስጠኝ» አለ በመጨረሻ።

«እሱ ጥሩ ነው» አለ ጋሽ መንጠቆ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ዘንጉን አልፋ እጁን አየች። «ሐኪም ጋ መቼ ነው የምንሄደው?»

«የምን ሐኪም?»

«እኔ ዓይን የለኝም? ቴሌቪዥን ስታይ እጅህን ትራስ ሥር የምትከተው በርዶህ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ከአባትህ በላይ ማን ያስተምርህ?»

«ቅዳሜ ይለፍና እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ምን እንዳለ አልነገራትም። ጋሽ መንጠቆ ጉሮሮውን እንደ ወትሮው ይሰጠው እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። ያ ሰው ካመነው ሌላው ሁሉ ያምነዋል፤ እሱም ራሱን ማመን ይችል ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚ ወንበሩ በተራ ጠባቂ ሞልቶ ነበር። ጋሽ መንጠቆ መጣ፤ ተራው ሲደርስ ተቀመጠ፤ ፎጣው አንገቱ ላይ ታሰረለት። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ከፈተ። እጁ ቀጥ ብሏል፤ እንዲያውም እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም። አረፋውን ሊቀባው ሲል ግን ጋሽ መንጠቆ አገጩን ወደ ደረቱ አቀረቀረ።

«ዛሬ ጸጉሬን ብቻ። ጺሜን ላሳድገው አስቤ ነው።»

«ጺም? አንተ?»

«ሴትዮዋ ናት። ያምርብሃል ብላ ሰቅዛ ይዛኛለች።»

እንዲህ ያለ ደግ ውሸት ከስድብ ይልቅ ያማል። ጸጉር አስተካካዩ አባቱ በዚህ ሰዓት ምን ያደርጉ እንደነበር ያውቃል፤ ስቀው፣ ወሬ ቀይረው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱ ነበር። ምላጩን አጠፈው።

«ጋሼ፣ ጺምህን አታሳድግ። ማዶ ካለው ልጅ ዘንድ ሄደህ ተላጭ፤ እጁ ጥሩ ነው።» ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞረ። «እናንተም እንደዚያው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ማንንም በምላጭ አልላጭም። እጄ ታሟል።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። «ዛሬ ደግሞ በራሱ መቀለድ ጀመረ!» አለ አንዱ ጭኑን እየመታ፤ ሌላውም ዕንባውን ጠረገ። ያልሳቀው ጋሽ መንጠቆ ብቻ ነበር።

ጸጉር አስተካካዩ ሳቃቸው እስኪያባራ ጠበቀና እንደገና ነገራቸው።