አባቴ በሴኔጋል የማለ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት መጋረጃ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ጨርቁን በመቀስ ጫፉን ነካ አድርጎ በእጁ ሲተረትረው ያ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ስታርችና አቧራ የተቀላቀለበት፣ አፍንጫዬን ሞላው። ሻጩና ጓደኛው ስለ ዓለም ዋንጫ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ዋንጫውን ማን እንደሚበላ ይተነብያል፤ ሌላው ከልጅነቱ ጀምሮ ያያቸውን ጎሎች እየቆጠረ "እንደዚያ ያለ አይደገምም" ይላል።

"እህቴ፣ አንቺስ የማትረሺው ጨዋታ የትኛው ነው?" አለኝ ሻጩ ጨርቁን እያጠፈ።

"ኮምቦልቻ ላይ አራት ለባዶ የተሸነፍነው" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አልቀለድኩም። ጊዜ ካላችሁ ላጫውታችሁ።

አባቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አያቱ ባሕር ተሻግሮ ከየመን የመጣ ነው፤ እሱ ግን ከእግር እስከ ራሱ የደሴ ሰው ነበር። ሰው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። በሦስት ነገር ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅም፤ በጨርቅ፣ በዝናብና በኳስ። ጨርቅ በእርግጥ ያውቃል። ዝናብ አንዳንዴ ይሳካለታል። በኳስ ግን ሱቁ ውስጥ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ከመኖሩ በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረውም።

ዘመኑ ዘጠና አራት ነው። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን በረኛ ነበርኩ። በረኛ የሆንኩት ከሁሉም ስለምረዝም እንጂ ኳስ ስለምይዝ አልነበረም። ግን ሜዳ ላይ ስቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ ቦታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ችግሩ ከልምምድ በቀር ተጫውተን አናውቅም። የስፖርት አስተማሪያችን እንደምንም ብሎ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር አንድ ግጥሚያ ያዘልንና ፈቃድ ሊጠይቅ አባቴ ሱቅ መጣ። ያየው አበሳ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አስተማሪው ስለ ስፖርትና ስለ ጤና አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስረዳ አባቴ ሜትሩን አንሥቶ "ስንት ልቁረጥልህ?" አለው። አስተማሪው ደግሞ ጀመረ። አባቴም ደግሞ "ገበሩ ይሻልሃል ወይስ ዋናው?" አለው። በመጨረሻ ምስኪኑ አስተማሪ ሁለት ሜትር የኮት ገበር ገዝቶ ሄደ። ኮት አልነበረውም።

አስተማሪው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቄስ ገቡ። ከቦሩ ሜዳ ሰኞ ሰኞ ለገበያ የሚመጡ፣ እርሻቸውንም ቅዳሴያቸውንም የማያስታጉሉ፣ ኳስንም ከሁለቱ ሳያሻሙ የሚወዱ ሰው ነበሩ። የአባቴ ደንበኛም ወዳጅም ናቸው። ዓለም ዋንጫው ሊጀመር አራት ቀን ቀርቶታል። መክፈቻው ፈረንሳይ ከሴኔጋል ነው።

"ሴኔጋል አንድ ለባዶ" አሉ ቄሱ፣ ገና ሳይቀመጡ።

አባቴ ሳቀ። "ኧረ አባ! ፈረንሳይ እኮ ባለፈው ዋንጫውን የበላች ናት።"

"የበላማ ጠግቧል ሐጂ። የጠገበ መቼ ይሮጣል?"

"ሴኔጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እኮ የመጣችው!"

"ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርግ የተጠራ ሰው እንዴት እንደሚጨፍር አላዩም?"

በረንዳው ላይ የነበረው ልብስ ሰፊ ሳቀ። የጎረቤት ነጋዴዎችም ተሰብስበው ሳቁ። አባቴ መሳቂያ መሆን አይችልም። ዓይኑ ሱቁን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ፤ ጥግ ላይ ቆሜ ጨርቅ እጠቀልል ነበር። የአስተማሪው ነገር ገና ከሆዱ አልወጣም መሰለኝ፣ ሁለቱን የማይሆኑ ነገሮች አንድ ላይ አሰራቸው።

"ወላሂ!" አለ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። "ሴኔጋል ፈረንሳይን ካሸነፈች፣ ይችን ልጄን ራሴ ይዣት ወርጄ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አጫውታታለሁ!"

"ሰማችሁ?" አሉ ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው።

ሕዝቡ ሰምቷል። እኔ ደግሞ ከሕዝቡ ሁሉ በላይ ሰምቻለሁ። ሴኔጋል የት እንዳለች አላውቅም ነበር፤ ያን ሳምንት ግን ከእኔ የበለጠ ዜጋ አልነበራትም።

ጨዋታው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ወንዶቹ ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ወደ ሱቃችን መጡ፤ መቀመጫ ያጡት በጨርቅ ጥቅል ላይ ወጡ። ሱቁ ሽቶና ላብ ሸተተ። ቄሱም በገበያ ቀን ብቻ መምጣታቸውን ትተው ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ደርሰዋል። ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ላይ ሴኔጋል አገባች። ሱቁ ተናወጠ። አባቴ ብቻ "ገና ነው፣ ገና ነው" ይላል። ፈረንሳዮች ሲመቱ ብረት ይመልሳል፣ ሲመቱ ብረት ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ኳስ እኔም ከጥጉ ሆኜ ተወረወርኩለት። ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አባቴ ተነሣ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ ሜትሩን አንሥቶ ማንም ያላዘዘውን ጨርቅ መለካት ጀመረ።

"ሐጂ፣ ኮምቦልቻ መቼ ነው?" አለ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞ ገበያ ሰላምታውን ቀየረ። አባቴ ሲያልፍ "እንዴት አደርክ" የሚለው ሰው ጠፋ፤ ሁሉም "ኮምቦልቻ መቼ ነው?" ሆነ።

ሦስት ቀን ታገሠና ወደ ሸሁ ሄደ። ሸሁ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ የአባቴ የቁርዓን አስተማሪ የነበሩ፣ ጥርሳቸው አልቆ ሳቃቸው ያላለቀ ሰው ናቸው። መሐላ የፈረሰበት ሰው አሥር ሚስኪን እንደሚያበላ፣ ካልቻለ ሦስት ቀን እንደሚጾም ነገሩት። ከፋራ ይባላል። "ቃልህን ብትሞላ ግን ይሻልህ ነበር" ቢሉትም አልሰማቸውም። አባቴ እየሮጠ ቤት ገባ።

"አሥር ሚስኪን ፈልጊልኝ" አላት እናቴን። "ሐሙስ ምሳ ይብሉና እፎይ ልበል።"

እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰፈር ወጣች። ሐሙስ ዕለት በትልቁ ድስት ሩዝ በሥጋ ሠራች፤ ዘቢብ ያለበትን፣ የአባቴ አያት ያመጣውን አሠራር። አባቴ ሸሁን ምስክር አድርጎ ይዞ መጣ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሚስኪኖቹ ተሰልፈው ገቡ። አሥሩም የኳስ ቡድናችን ልጆች ነበሩ።

አባቴ ደርቆ ቀረ። እናቴን በጆሮዋ፣ "ያች የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ አይደለችም እንዴ?" አላት።

"ናት።"

"ታዲያ ምኗ ነው ሚስኪን?"

"ኳስ የላትም" አለች እናቴ፣ ሩዙን እያወጣች።

እንግዳ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ውጣ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በሉ። እንዴት እንደበሉ ብታዩ አባቴም ሚስኪን መሆናቸውን አምኖ ነበር። ምሳው ሲያልቅ፣ መቼም ወሎ ውስጥ በልቶ ሳይመርቅ የሚነሣ የለም፣ አምበላችን ምርቃቱን ያዘች። ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥን ልጅ ናት። አባቴ እንደ ልማዱ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

"ገበያዎን ይድራው!"

"አሚን" አልን።

"ልጆችዎን ያሳድግልዎ!"

"አሚን።"

"ዕድሜና ጤና ይስጥዎ!"

"አሚን" አለ አባቴ ከሁላችን ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"ኮምቦልቻ ወስደውን በሰላም ይመልሰን!"

"አሚን!"

ያለው እሱ ራሱ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ሁላችንም እሱን እናያለን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሸሁ ዞረ።

"ያው ከፋራዬ ወርዷል አይደል?"

ሸሁ ልጆቹን አንድ በአንድ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቁ። "ሚስኪን የሚባሉት ሦስቱ ናቸው፤ ሰባት ይቀርሃል" አሉት።

"አብሽሩ፣ ነገውኑ ሰባት አበላለሁ!"

"መሐላህን እንዲያ ታወርደዋለህ" አሉ ሸሁ። "አሚንህንስ? ለአሚን ከፋራ እኔ በኪታብ አላነበብሁም።"

አባቴ ብዙ ነገር ይችላል፤ አሚን ያለውን ምርቃት መካድ ግን አይችልም። በማግስቱ ልብስ ሰፊውን ጠርቶ አሥራ አንድ ረጃጅም ሱሪ አዘዘ። "እንደ ቃሌ አጫውታለሁ፤ እርቃን ብዬ ግን አልማልሁም" አለ። ጨርቁ ዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ፣ ቀይ ጽጌረዳ የሞላበት የመጋረጃ ጨርቅ ነበር።

አስተማሪያችን ቀኑን ቅዳሜ፣ ሰዓቱን ስምንት ተኩል አደረገው። ምክንያቱን በኋላ ነው የገባን። በዚያ ሰዓት ሴኔጋል ከቱርክ ጋር በሩብ ፍጻሜ ትጫወታለች፤ የኮምቦልቻ ወንዶች ሜዳውን ለሴት የሚለቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አባቴ የሩብ ፍጻሜውን ነገር ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ግን መጣ።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። ያልታጠበው ጨርቅ ገና ስታርቹን አልለቀቀም፤ ስንሮጥ ድምፁ አሥራ አንድ ሰው ጋዜጣ የሚያጥፍ ይመስል ነበር። ተመልካቾቹ አሥራ ሁለት አይሞሉም፤ ማንጎ ሻጮች፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አባቴ። "መጋረጃው ይከፈት!" ይሉናል ማንጎ ሻጮቹ፣ ጎል በገባ ቁጥር። አራት ጊዜ ተከፈተ። አንዷን ኳስ ያዳነው የሱሪዬ ስፋት ነው፤ በእግሬ መሐል ልታልፍ ስትል ጽጌረዳው ውስጥ ተጠቅልላ ቀረች። አባቴ ከጎሉ ኋላ፣ ጥላውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። አፍሬ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ስንመለስ የደሴን ዳገት ተያያዝነው። ሙቀቱ ወደ ኋላ ቀረ፣ በመስኮቱ የባሕር ዛፍ ሽታና ብርድ ገባ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቀርቅሯል፤ ሴኔጋል በጭማሪ ሰዓት ተሸንፋ ወጥታለች። መንገድ ላይ የተሳፈረ አንድ ሰው ወሬው አልደረሰው ኖሮ፣ "ስንት ለስንት አለቀ?" ብሎ ጠየቀ።

"አራት ለባዶ" አለ አባቴ።

"አራት!" ሰውየው ራሱን ያዘ።

"አዎ፣ አራት። አሥራ አንድ ግን አድናለች። ቆጥሬያለሁ።"

"ማን?"

"ልጄ" አለ አባቴ፣ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ወንበር እያሳየ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሲቆጥር የዋለው የገቡትን ሳይሆን ያልገቡትን ነበር። የሱሪውንም ቆጥሮልኛል።

ቤት በር ላይ ስንደርስ ድፍረቱ መጣልኝና፣ "አባባ፣ ለሚቀጥለውስ?" አልኩት።

"አንድ ቀን ነው ያልሁት" አለ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ጨርቅ ሲለካ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። "ቃሌን ሞልቻለሁ።"

ክረምቱ ገባ። በዓመቱ አምበላችን ተዳረች፣ አስተማሪያችን ተቀየረ፣ ቡድኑ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ጎል ላይ ቆሜ አላውቅም።

አባቴ ዳግመኛ በኳስ አልማለም። አድጌ፣ ተድሬ ከቤት ከወጣሁ በኋላ ግን ዓለም ዋንጫ በመጣ ቁጥር ስልክ ይደውልልኛል። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም "ስንት ለስንት ትያለሽ?" ይለኛል። የምለውን ሄዶ ሰኞ ገበያ ላይ የራሱ ትንበያ አድርጎ ያወራል። ስሳሳት ደውሎ ይቆጣኛል።

ባረፈበት ዓመት ልጠይቀው ደሴ ሄድኩ። አልጋው ላይ ተደግፎ ኳስ ያያል፤ ማን ከማን እንደሚጫወት ግን አይለይም ነበር። ወደ እኔ ዞሮ፣

"ያኔ ምን ብዬ ነበር የማልሁት?" አለኝ።

"አንድ ቀን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ አጫውታታለሁ ነው ያልከው።"

"አንድ ቀን?"

"አንድ ቀን።"

ቴሌቪዥኑ ላይ በረኛው ኳሱን ለግቶ ወደ ሰማይ ሰደደው። አባቴ እስኪወርድ ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

"ምነው ትንሽ ጨመር አድርጌ ብምል ኖሮ" አለ።

"በቅቶኛል እኮ አባባ" አልኩት፣ እጁን ይዤ።

አልበቃኝም ነበር።